የጠፋውን ተቀባይ ለማየት የተቀመጠ ናሙና ያስፈልጋል፦ ስለ ራስና አንገት ካንሰር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት
በአገሪቱ ለሚገኙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የፓቶሎጂ ክፍሎች

ጉዳዩ፦ የራስና የአንገት ካንሰር ናሙናዎች አዘገጃጀትና አቀማመጥ መመሪያ እንዲወጣለት ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ የታካሚዎችን ናሙና በማይክሮስኮፕ መርምሬ ውጤት መጻፍ የዕለት ሥራዬ የሆነ የፓቶሎጂ ሐኪም ነኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከአፍ፣ ከጉሮሮ፣ ከማንቁርትና ከአንገት የሚወሰዱ የካንሰር ናሙናዎች እንዴት እንደሚዘጋጁ፣ በፓራፊን ሰም የታሸጉት የናሙና ቁራጮች፣ ማለትም ብሎኮችም የት፣ ለስንት ዓመትና በማን ኃላፊነት እንደሚቀመጡ የሚወስን፣ በመንግሥትም በግልም ላቦራቶሪ እኩል የሚሠራ መመሪያ ይውጣ እላለሁ። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የመጋዘን ጥያቄ ይመስላል። ምክንያቱ የሚመነጨው ግን ከበሽታው ባሕርይ ነው፤ ስለዚህ መመሪያ የሚያረቅቁት ባለሙያዎች ብቻ ሳይሆኑ ማንኛውም አንባቢ እንዲፈርድበት ነገሩን ከሥሩ አስረዳለሁ።

የራስና የአንገት ካንሰር የምንለው ከከንፈር አንሥቶ እስከ ማንቁርት ድረስ ያለውን እርጥብ ሽፋን፣ ማለትም ምላስን፣ ድድን፣ ላንቃን፣ ቶንሲልን፣ ጉሮሮንና የድምፅ አውታርን የሚይዘውን በሽታ ሲሆን፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ከሽፋኑ ጠፍጣፋ (ስኳመስ) ሕዋሳት የሚነሣው ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የተባለው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ዙሪያ ወደ 890,000 ሰዎች በዚህ በሽታ እንደተያዙና ወደ 450,000 የሚሆኑት እንደሞቱበት ተገምቷል። ዋነኞቹ መንስኤዎች ትምባሆና አልኮል ናቸው፤ ሁለቱንም በሚወስድ ሰው ላይ አደጋው ከሁለቱ ድምር በላይ ይሆናል። በቶንሲልና በምላስ ሥር ለሚነሣው ካንሰር ደግሞ ኤችፒቪ 16 የተባለው ቫይረስ ትልቅ ድርሻ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ማሸጊያ ላይ የሚታየው ማስጠንቀቂያ 70 በመቶ የሚሆነውን ገጽ እንዲሸፍን መደረጉ፣ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን መወገዱ፣ በዚያው በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የኤችፒቪ ክትባት መጀመሩ መከላከልን በሚመለከት የተወሰዱ ትክክለኛ እርምጃዎች ናቸው። እኔ የምጽፈው ግን መከላከሉ ስላልደረሰለት፣ ዛሬ ወይም ነገ አንገቱ ላይ እብጠት ይዞ ስለሚመጣው ሰው ነው። ካንሰሩ ወደ አንገት የሊምፍ ዕጢ ከገባ ታካሚው በሕይወት የመቆየት ዕድሉ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የአንዱ ሰው ካንሰር በበቀለበት ቦታ ሲቆይ የሌላው ለምን ወደ አንገት እንደሚወርድ ማወቅ ከሁሉ የሚቀድም ጥያቄ ነው።

ሕዋሳት እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኬሚካል መልእክት ነው። ከመልእክት አድራሾቹ ዋና ዋናዎቹ ግሮውዝ ፋክተር የተባሉት ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ በሕዋሱ ገጽ ላይ ተተክለው መልእክቱን ወደ ውስጥ የሚያስተላልፉት ደግሞ ተቀባዮች ናቸው። ስታንሊ ኮኸን እና ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ እነዚህን መልእክተኞች በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ኮኸን ያገኘው መልእክተኛ የሚያርፍበት ኢጂኤፍአር የተባለው ተቀባይ በአብዛኞቹ የራስና አንገት ካንሰሮች ላይ ከመጠን በላይ በዝቶ ይገኛል፤ አንዳንድ ጥናቶች ቁጥሩን እስከ 90 በመቶ ያደርሱታል። ይህን ተቀባይ የሚያግደው ሴቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ከጨረር ሕክምና ጋር ሲሰጥ፣ ጨረር ብቻ ካገኙት ጋር ሲነጻጸር፣ የሕሙማኑን አማካይ የመቆያ ጊዜ ከ29.3 ወር ወደ 49 ወር እንዳራዘመ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት ታይቷል። በዚህ ምክንያት የዓለም ትኩረት፣ የመድኃኒት ኩባንያዎችም ገንዘብ፣ ወደበዛው ተቀባይ አዘነበለ። የበዛን ነገር በመድኃኒት ማገድ ይቻላልና ይህ የሚያስወቅስ አይደለም።

ሆኖም የበዛውን ስናይ የጠፋውን ሳናይ ቆይተናል። የሕዋስን መከፋፈል የሚያዝ መልእክት እንዳለ ሁሉ የሚገታም አለ፤ ለአፍና ለጉሮሮ ሽፋን ከዚህ ወገን ዋነኛው ቲጂኤፍ ቤታ የተባለው ነው። ይህ መልእክተኛ መጀመሪያ የሚይዘው ሁለተኛው ዓይነት የተባለውን ተቀባይ ነው። ይህም አንደኛውን ዓይነት ተቀባይ ወደ ራሱ ስቦ ፎስፌት በመጨመር ያነቃዋል፤ የነቃው ተቀባይ ስማድ 2 እና ስማድ 3 የተባሉትን ፕሮቲኖች ያነቃል፤ እነርሱም ከስማድ 4 ጋር ተጣምረው ጂኖች ወደሚገኙበት የሕዋሱ እምብርት፣ ወደ ኒውክለስ፣ ይገባሉ። እዚያ ሲደርሱ ፒ15 እና ፒ21 የተባሉ መከፋፈልን የሚያቆሙ ፕሮቲኖች እንዲመረቱ ያደርጋሉ፣ ሕዋስን ለመከፋፈል የሚገፋፋውን ሚክ የተባለውን ጂን ደግሞ ያዳክማሉ። በየቀኑ በሚታደሰው የአፍ ሽፋን ላይ ይህ ሰንሰለት ልጓም ነው። ሁለተኛው ዓይነት ተቀባይ ከሕዋሱ ገጽ ከጠፋ መልእክተኛው በዙሪያው ቢትረፈረፍም ሕዋሱን አይገታውም።

የዚህን ጥፋት ትርጉም በግልጽ ያሳየው ሺ-ሎንግ ሉ፣ ሺያኦ-ጂንግ ዋንግ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሥራ ይመስለኛል። ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያ በሰው ካንሰር ላይ ሁለት ነገሮች በተደጋጋሚ አብረው እንደሚገኙ አዩ፦ ኬራስ ወይም ኤችራስ የተባሉት አስከፋፋይ ጂኖች መበርታት እና የቲጂኤፍ ቤታ ሁለተኛው ተቀባይ መጥፋት። ከዚያም ይህንኑ በአይጦች አፍ ሽፋን ላይ ደገሙት። ጂኑን አበርትተው ተቀባዩን ሲያጠፉ ሁሉም አይጦች ካንሰር ያዛቸው፤ ከፊሎቹም ካንሰር ከተነሣበት ቦታ አልፎ ተሰራጨ። በማይክሮስኮፕ ሲታይም ዕጢው ከሰው የራስና አንገት ካንሰር የሚለይ አልነበረም። እንግዲህ ገፊው ጂን መበርታቱ ብቻ ሳይሆን የገቺው ተቀባይ መጥፋትም ለበሽታው ክፋት ድርሻ አለው ማለት ነው።

በዚያው ጥናት ውስጥ ለሕክምና ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ግኝት አለ። ተቀባዩን ያጣው ዕጢ ቲጂኤፍ ቤታን ራሱን አብዝቶ ያመነጫል። ዕጢው አይታዘዝለትም፤ በዙሪያው ያሉት ጤነኛ ሕዋሳት፣ የደም ሥሮች፣ አያያዥ ህብረ ሕዋስና የመከላከያ ሕዋሳት ግን ተቀባያቸው ስላልጠፋ መልእክቱን ይቀበላሉ። ውጤቱም ብግነትና አዲስ የደም ሥር መብቀል ሲሆን ሁለቱም ካንሰሩን ይመግቡታል። ስለዚህ ቲጂኤፍ ቤታን የሚያግድ መድኃኒት ለአንዱ ታካሚ የሚበጅ፣ ተቀባዩ ገና ላልጠፋበት ለሌላው ግን የቀረውን መገቻ የሚያነሣ ሊሆን ይችላል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ ፍሬሶሊሙማብ የተባለው የቲጂኤፍ ቤታ ማገጃ በ29 ሕሙማን፣ በአብዛኛው ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ታማሚዎች፣ ላይ በተሞከረበትና እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ጥናት በአራቱ ቆዳ ላይ ከስኳመስ ሕዋሳት የሚነሡ ዕጢዎች ታይተዋል። መድኃኒቱን ለማን መስጠት እንደሚገባ ለመለየት የእያንዳንዱ ሰው ዕጢ ተቀባዩን ይዞ እንደሆነ ወይም አጥቶት እንደሆነ ማወቅ ግድ ይላል።

ጥፋቱ በተቀባዩ ብቻ የሚወሰን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሌላ የአይጥ ጥናት ስማድ 4 ብቻውን ከአፍ ሽፋን ሲጠፋ ካንሰር እንደሚነሣ፣ የተጎዳ ዲኤንኤን የሚጠግኑት የፋንኮኒ ጂኖችም አብረው እንደሚዳከሙ አሳይቷል። እነዚህ ጂኖች የተበላሹበትን የፋንኮኒ ደም ማነስ የተባለ በሽታ ይዘው የሚወለዱ ልጆች ገና በወጣትነታቸው የአፍ ካንሰር እንደሚያዘወትራቸው ለሚያውቅ ሐኪም ይህ ግንኙነት ክብደት አለው።

አሁን ወደ ብሎኩ ጉዳይ እመጣለሁ። የሁለተኛው ተቀባይ ጂን የሚገኘው በክሮሞሶም 3 አጭር ክንድ ላይ ሲሆን፣ ይህ ክንድ በራስና አንገት ካንሰር ብዙ ጊዜ ከሚጎድሉት አንዱ ነው። ይሁንና በብዙ ዕጢዎች ፕሮቲኑ የሚቀንሰው የጂኑ ፊደል ሳይለወጥ ነው። የዘረመል ንባብ ማሽን ቢገዛ እንኳ ፊደሉን እንጂ ፕሮቲኑ በሕዋሱ ገጽ ላይ መኖር አለመኖሩን አይነግረንም፤ ይህን የምናየው ከብሎኩ በሚቆረጥ ስስ ንጣፍ ላይ በፀረ እንግዳ አካል በሚሠራ ቀለም፣ ማለትም በኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ነው።

እዚህ ላይ መኖርን ማረጋገጥ ቀላል፣ አለመኖርን ማረጋገጥ ግን ከባድ መሆኑን አደራ ልብ በሉልኝ። ቀለሙ ከታየ ፕሮቲኑ አለ። ቀለሙ ካልታየ ግን ሁለት ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ፦ ወይ ዕጢው ፕሮቲኑን በእውነት አጥቷል፣ ወይ ናሙናው ከሰውነት ከወጣ በኋላ በእኛ እጅ ተበላሽቷል። ናሙናን ከመበስበስ የሚጠብቀው ፎርማሊን ሳይነካው ለሰዓታት በጓንት ወይም በጨው ውኃ ውስጥ የቆየ ናሙና፣ አሲድነቱ ባልተስተካከለ ፎርማሊን የተዘፈዘፈ፣ ወይም ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ ሳምንት ሙሉ በውስጡ የተረሳ ናሙና ፕሮቲኖቹ ይጎዳሉ፤ ፀረ እንግዳ አካሉም አያገኛቸውም። ለጡት ካንሰር ተቀባይ ምርመራ የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበርና የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ ያወጡት መመሪያ ናሙናው በወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ አሲድነቱ በፈር በተባለ ውህድ በተስተካከለ 10 በመቶ ፎርማሊን እንዲገባ፣ በውስጡም ከ6 ሰዓት ያላነሰና ከ72 ሰዓት ያልበለጠ እንዲቆይ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ደንብ ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር እንዳይሠራ የሚከለክል ምንም ሳይንሳዊ ምክንያት የለም፤ ወጪውም ሰዓት የሚጻፍበት መስመር በናሙና መላኪያ ቅጹ ላይ መጨመርና ፎርማሊኑን በአግባቡ መበጥበጥ ነው።

በጥሩ ሁኔታ የተዘጋጀ ንጣፍ የራሱን ምስክር ይዞ ይመጣል። በዕጢው አጠገብ ያሉት የደም ሥሮች፣ አያያዥ ሕዋሳትና ሊምፎሳይቶች ሁለተኛውን ተቀባይ ይይዛሉ። እነርሱ ቀለም ይዘው ዕጢው ብቻ ነጭ ሆኖ ከታየ ጥፋቱ የዕጢው ነው፤ እነርሱም አብረው ነጭ ከሆኑ ያ ንጣፍ ስለ ታካሚው ምንም አይናገርምና ውጤት ሊጻፍበት አይገባም። ለተማሪዎቻችን ይህን አንድ ነገር አጥብቀን ብናስተምር በተቀባይ ምርመራ ላይ የሚደርሰውን ስሕተት ብዙውን ክፍል እናስቀራለን ብዬ አምናለሁ።

የራስና የአንገት ካንሰርን የዘረመል ካርታ ያስነበበው ትልቁ ሥራ፣ የካንሰር ጂኖም አትላስ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው በ279 ዕጢዎች ላይ ተመሥርቶ ነው። እነዚያ ዕጢዎች በአብዛኛው የሰሜን አሜሪካ ሕሙማን ናቸው። የእኛ ሕሙማን የሚያጨሱት፣ የሚጠጡት፣ የሚያኝኩት፣ በወጥ ቤታቸው የሚተነፍሱት ጭስ፣ የሚይዛቸው ኤችፒቪ መጠንና በሽታው የሚገኝበት ደረጃ ከእነዚያ ሰዎች ጋር አንድ ነው ብሎ መነሣት አይቻልም። በእኛ ሕሙማን ዕጢ ተቀባዩ ስንቱ ላይ እንደጠፋ የሚነግረን ከእኛው ሕሙማን የተወሰደና በእኛው እጅ በወጉ የተቀመጠ ብሎክ ብቻ ነው።

ስለ ወጪው በግልጽ ልናገር፤ ደብዳቤዬ ለውድ ምርመራዎች ገበያ የሚከፍት እንዲሆን አልፈልግምና። የቲጂኤፍ ቤታ ተቀባይ ምርመራ ዛሬ የማንንም ታካሚ ሕክምና አይለውጥም፤ የምርምር ሥራ ነው፤ ስለዚህ አንድም ታካሚ ሊከፍልበት አይገባም። የኢጂኤፍአር ቀለምም ቢሆን የተቀባዩ መብዛት ሴቱክሲማብ ለማን እንደሚሠራ አይለይምና፣ መድኃኒቱን ለመምረጥ ተብሎ በታካሚ ኪስ ሊሠራ አይገባም። መድኃኒቱም ውድ ስለሆነ ብቻ የተሻለ ነው ማለት አይደለም፤ ኤችፒቪ ባመጣው የጉሮሮ ካንሰር ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ይፋ በሆነ ጥናት፣ ከጨረር ጋር ሲስፕላቲን የተባለውን የቆየ የካንሰር መድኃኒት የወሰዱት ሕሙማን 84.6 በመቶው ለአምስት ዓመት በሕይወት ይኖራሉ ተብሎ ሲገመት፣ ሴቱክሲማብ ለወሰዱት ግምቱ 77.9 በመቶ ነበር። ሲስፕላቲን በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ ዋጋው የማይወዳደር መድኃኒት ነው።

ለታካሚው ዛሬውኑ የሚጠቅመው ፒ16 የተባለውን ፕሮቲን የሚያሳየው ቀለም ነው። ኤችፒቪ ኢ7 በተባለው ፕሮቲኑ አርቢ የተባለውን የሕዋስ ተቆጣጣሪ ያፈርሳል፤ በዚህም የተነሣ ፒ16 በሕዋሱ ውስጥ ይበዛል። ከቶንሲልና ከምላስ ሥር በተወሰደ ናሙና ላይ ቢያንስ 70 በመቶው የዕጢ ሕዋስ በኒውክለሱም በዙሪያው ባለው ሳይቶፕላዝምም በጉልህ ከቀለመ፣ በሽታው ከሌላው ተለይቶ ይመደባል፤ የመዳን ተስፋውም የተሻለ ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ ለማኅፀን በር ናሙናዎችም የሚያገለግል ስለሆነ ግዢው ለአንድ በሽታ ብቻ የሚውል አይሆንም። ጤና ሚኒስቴር በግዢ ዝርዝሩ ውስጥ መጀመሪያ እንዲያስገባ የምለምነው ይህን ነው።

ስለ ብሎኩ የምጠይቀው ዝርዝር አጭር ነው። የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ ላቦራቶሪዎች የፓራፊን ብሎክን ቢያንስ ለ10 ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል፤ እኛም ከዚያ ያነሰ ልንወስን አይገባም። አንድ ብሎክ ቁመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሺህ ሰዎች ብሎክ በአንድ ቁም ሣጥን ይገባል። የሚፈልገው ከሙቀት፣ ከእርጥበትና ከተባይ የተጠበቀ ክፍል ነው፤ ፓራፊን አይጥና ነፍሳት እንደሚበሉት፣ በቆላ ከተሞቻችን ሙቀትም እንደሚለሰልስ የመጋዘኑን ቦታ የሚመርጡ ሰዎች ሊያውቁት ይገባል። ታካሚው ለሕክምና ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲሄድ በእጁ የሚሰጠው ተቆርጦ የተቀለመ ንጣፍ ይሁን፤ ብሎኩን መላክ የግድ ከሆነም በፊርማ ወጥቶ በፊርማ ይመለስ። የብሎኩ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ መለያ ጋር እንዲያያዝም እጠይቃለሁ፤ ታካሚው ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት መኖሩ ካልታወቀ በተቀባዩ መጥፋትና በካንሰሩ መሰራጨት መካከል ያለውን ግንኙነት መመርመር አይቻልም። በናሙና መላኪያ ቅጹ ላይ የትምባሆ፣ የአልኮል፣ የጫትና የሺሻ ልማድ፣ ዕጢው የተነሣበት ትክክለኛ ቦታና የአንገት ሊምፍ ዕጢ ሁኔታ ይጻፍ። «የአንገት እብጠት» ብቻ ተብሎ የሚላክ ናሙና ለታካሚውም ለምርምሩም በቂ አይደለም።

ናሙና ወደ ውጭ አገር መላክን በሚመለከት፣ መላክ ክልክል ይሁን አልልም። በሌሎች አገሮች ካሉ ላቦራቶሪዎች ጋር መሥራት ያስፈልገናል፤ በተለይም በዚያ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በዚህ ሊረዱን ይችላሉ። ነገር ግን የሚላከው ንጣፍ ሆኖ ብሎኩ እዚህ ይቅር፤ ታካሚው በሚገባው ቋንቋ ፈቃዱ ይጠየቅ፤ ውጤቱም ለላከው ላቦራቶሪ ይመለስ። አርማወር ሐንሰን ኢንስቲትዩት ከሥጋ ደዌና ከሳንባ ነቀርሳ ምርምር ያካበተው የናሙና አያያዝና የምርምር ሥነ ምግባር ልምድ ስላለው፣ ይህን ሥራ ለማስተባበር ተገቢው ቦታ እርሱ ነው ብዬ አስባለሁ።

ሥራው አዲስ ሕንፃ እስኪሠራ መጠበቅ የለበትም። በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ ካሉት የፓቶሎጂ ክፍሎች ፈቃደኛ የሆኑት ከዛሬ ጀምሮ የሚገቡትን የራስና የአንገት ናሙናዎች ሰዓት መዝግበው፣ በተስተካከለ ፎርማሊን አዘጋጅተው፣ ብሎኮቹን በአንድ ቁም ሣጥን ለይተው ቢያስቀምጡ፣ ፒ16 ለታካሚው ጥቅም፣ ሁለተኛው የቲጂኤፍ ቤታ ተቀባይና ስማድ 4 ደግሞ በምርምር ገንዘብ ቢሠሩ፣ መመሪያው ገና በረቂቅ ሳለ የሚሞከርበት መሠረት ይኖረዋል። ረቂቁን ለማዘጋጀት በሚቋቋም ማንኛውም ኮሚቴ ውስጥ ያለ ክፍያ ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ፤ ይህንኑ የሚሉ የሥራ ባልደረቦችም አሉኝ። ሚኒስቴሩ ጥያቄውን ተቀብሎ እንደሆነ፣ ረቂቁንም ለየትኛው ክፍል እንደመራው በይፋ እንዲያሳውቀን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የፓቶሎጂ ሐኪም